የአግዳሚው ባዶ ጫፍ

«ጧሪ ያጡት እናት ቤት ይኼ ነው?» የሚል የሴት ድምፅ እንዳሻው የሰማው ቅዳሜ ጠዋት ጓሮ ቆሞ ጥርሱን ሲቦርሽ ነው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ብዙ እግር ይርመሰመሳል፣ ፌስታል ይንኮሻኮሻል። እንዳሻው ሰው መርዳት ይወዳል፤ አፉን ተጉመጥምጦ ሳይጨርስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «እዚህ አይደለም። በእኛ ሰፈር ጧሪ ያጣ የለም። ወደ ጦሩ ካምፕ በር ወረድ ብላችሁ ጠይቁ» አላቸው። የመጡት ባለቤቱ ዘርፈሽ ከምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን የጠያቂዎች ኅብረት ሴቶች ናቸው። አንዷ ባለ አምስት ሊትር ዘይት፣ አንዷ ስኳር፣ አንዷ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ ብርድ ልብስ ይዛለች። የስኳር ኪሎ መቶ ሃያ ብር በገባበት ሰሞን ስለነበር፣ እንዳሻው ለማያውቃቸው እናት ከልቡ ደስ አለው። ከፊት የቆሙት የኅብረቱ ሰብሳቢ ወይዘሮ ኢየሩሳሌም ግን ወደየትም አልሄዱም። ስልካቸው ላይ ያለ ፎቶ ወደ አጥሩ ከፍ አድርገው፣ «ወንድም እንዳሻው፣ እስቲ እይልኝ፤ ይኼ አግዳሚ የእናንተ አይደለም?» አሉት። እንዳሻው አየ። መጀመሪያ የለየው አግዳሚውን ነው፣ ቀጥሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጡትን አማቱን ወይዘሮ በዛብሽን፣ ከዚያ ፎቶው የራሱ ሥራ መሆኑን። ከሥሩ ደግሞ አንድ የማያውቀው የፌስቡክ ገጽ፣ «ነገሌ ቦረና፦ ጧሪ ያጡ እናት። የሚደርስላቸው ሰው የለም?» ብሎ ጽፎበታል። አፉ ውስጥ የቀረውን የጥርስ ሳሙና ዋጠው።

እንዳሻው ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት አለው። ለብዙ ዓመት የሠራው ነገሌ በምትወደው መንገድ ነበር፤ ደንበኛውን ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት ያቆመዋል፣ አንገቱን ያቃናለታል፣ ከጸጉሩ እስከ ጫማው ምንም ሳያስቀር ያነሳዋል። አምና ግን «ሦስተኛ ዓይን» የሚባል የፎቶ ውድድር የቴሌግራም ቡድን ገባ። እዚያ ውስጥ በአካል የማይተዋወቁ ሰዎች በየሳምንቱ በአንድ ርዕስ ፎቶ ይልካሉ፣ አንዱ ለሌላው ልብ ይሰጣል፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ የሚኖር ያቤጽ የሚባል ዳኛ አስተያየቱን ይጽፋል። ቡድኑ እንዳሻውን አሻሻለው ወይስ አበላሸው በሚለው ጥያቄ ነገሌ ለሁለት ተከፍላለች፤ በአንደኛው ወገን እንዳሻው ብቻውን፣ በሌላኛው የቀረው ሕዝብ ቆሟል። ለእሱ ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ መማሩንስ ተምሯል። የቀትር ፀሐይ ዓይን እንደሚያጨፍንና ፊት እንደሚያጠቁር ያወቀው ከእነሱ ነው። ድሮ እንደ ጆንያ የሚደረድራቸው ሕፃናት አሁን በፎቶው ውስጥ ይስቃሉ። ችግሩ የተማረውን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ በመጣ ሰው ላይ መሞከሩ ነው። ሰው ወደ ካሜራው አይይ አሉት፣ ሙሽራ ሁሉ ዞራ ግድግዳ ታይ ጀመር። ጥላ ይናገራል አሉት፣ የሻኪሶ ወርቅ ነጋዴ ልጅ ስትዳር አንገቷ እስኪጎብጥ ወርቅ የደረደረችውን ሙሽራ ትቶ መሬት ላይ የወደቀ ጥላዋን አነሳ። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ገልጠው፣ «ወርቁስ?» ብለው የጠየቁት ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ከሁሉም በላይ ግን ያቤጽ የሚደጋግማት ምክር ነበረች፦ ባዶ ቦታ ተው፣ ባዶ ቦታ ከሰው በላይ ይናገራል። እንዳሻው ይህቺን ምክር ፎቶ ቤቱ በር ላይ ሊያስጽፋት ምንም አልቀረውም ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት ታዲያ የውድድሩ ርዕስ «ብቸኝነት» ሆነ። እንዳሻው ብቸኝነት ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ሜዳ ላይ የቆመ አንድ ግራር አነሳ፤ ለካ የቡድኑ ግማሽ አንድ አንድ ግራር ልኮ ኖሯል። ብቻዋን የቆመች አህያ አገኘ፤ ካሜራውን እስኪያስተካክል ጓደኞቿ መጡ። ተስፋ ቆርጦ ቤቱ ገብቶ በሳሎኑ መስኮት ወደ ውጭ ሲያይ፣ የአሥር ሰዓቷ ፀሐይ በኩሽናው ግድግዳ ላይ አርፋ፣ አማቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ወደ መስኮቱ፣ ከአጠገባቸው አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ። ቀረብ ብሎ «ላንሳዎት» ማለት አላሰበም። በሟቹ ባላቸው በሃምሳ አለቃ ወልደገብርኤል ቤተሰብ አማችና አማት እንደ ጥንቱ ይከባበራሉ፤ እሳቸው አንቱ ይሉታል፣ እሱ እርስዎ ይላቸዋል፣ እሱ ሲገባ እሳቸው ነጠላቸውን ይሰበስባሉ፣ እሳቸው ሲገቡ እሱ ተነስቶ ይወጣል። ሃምሳ አለቃው ካረፉ በኋላ አማቱ እዚህ ቤት ከመጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የተነጋገሩት ቢጠራቀም አንድ ሻይ አያስጨርስም። እና በመስኮቱ እንደቆመ አነሳቸው። ከስድስት መቶ ሰው በላይ ልብ ሰጠ። ያቤጽ ራሱ፣ «ይህ ባዶ ቦታ ጩኸት ነው» ብሎ ጻፈና ፎቶውን ለመጨረሻው ዙር አሳለፈው። ፎቶው ከቡድኑ ወጥቶ ከስልክ ወደ ስልክ መዞሩን ግን እንዳሻው አላወቀም። ፍርዱ ሰኞ ነው።

ሴቶቹ ገቡ። ሳሎኑ ሁለት ሶፋ፣ በዳንቴል የተሸፈነ ቴሌቪዥንና ማንም ሳያየው የማያልፍ ነጭ ፍሪጅ አለው። አንዷ ፍሪጁን አየት አድርጋ፣ «ቤቱስ ደህና ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታም ነበረበት። ዘርፈሽ ከምትሠራበት ክሊኒክ አድራ መጥታ ገና መተኛቷ ነበር፤ የሌሊት ልብሷን በጋቢ ሸፍና ስትወጣ ዘይቱን አየች፣ ስኳሩን አየች፣ ቀጥሎ ስልኩን አሳዩዋት። ዞራ ባሏን አላየችም። ዞራ ብታየው ይሻለው ነበር። ሻይ አፈላች፣ ስኳሩን ከራሷ ቆርቆሮ ጨመረች፣ ለእያንዳንዷ ሴት እየሰጠች፣ «እናቴ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ስህተት ነው» እያለች ዞረች። ወይዘሮ በዛብሽ ከጓዳ ተጠርተው መጥተው መሃል ተቀመጡ። ፎቶውን አሳዩአቸውና ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉላቸው፤ በዚያ ሙቀት። ወይዘሮ ኢየሩሳሌም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እማማ፣ ምግብ ይበላሉ?» ብለው ጠየቁ። «እበላለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። «ሰውስ ያጫውትዎታል?» ወይዘሮ በዛብሽ ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። ሴቶቹ ጸልየው ወዲያው ይሄዳሉ ተብሎ ሲጠበቅ ቁጭ አሉ። ወሬ ተጀመረ። እንዳሻው ጓዳ ተደብቆ ሲያደምጥ፣ አማቱ ሃምሳ አለቃው ከጎጃም ወደዚህ ሲቀየሩ በጭነት መኪና ላይ ዶሮዎቻቸውን እንዴት እንዳመጡ እያወሩ፣ ድንገት አንድ የማያውቀው ሳቅ ተሰማ። ማን ነው የሳቀው ብሎ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። አማቱ ናቸው።

ሴቶቹን እስከ በር ሸኝተው ሲመለሱ ወይዘሮ በዛብሽ የሃምሳ አለቃውን አረንጓዴ የወታደር ሻንጣ ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡ። «ነገ ጠዋት በቡሌ ሆራው መኪና በፍቃዱ ጋ እሄዳለሁ» አሉ። በፍቃዱ ቡሌ ሆራ ቡና የሚነግድ ልጃቸው ነው። ዘርፈሽ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ ሻንጣው እየሞላ ሄደ። ከዚያ እንዳሻውን ከበሩ ጀርባ አገኘችውና፣ «እናቴ ነገ መኪና ላይ ከወጣች፣ ሰው ያወራው ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያንም ክሊኒክም ምን ብዬ እገባለሁ? ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አንተው መልሰው» አለችው። እሱም ሌላ የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው፤ አማቱ ሲሄዱ ቤቱ ምን እንደሚመስል ማሰብ አቃተው። ጠዋት ጠዋት ቤቱን የሚቀሰቅሰው ሳላቸው ነው። ይህን ለማንም መናገር ስለማይሆንለት ፎቶ ቤቱን ሊከፍት ሄደ።

እዚያም ሰላም አልጠበቀውም። የከብት ደላላው ኦቦ ጉዮ በሩ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የሃምሳ አለቃው የልብ ወዳጅ ነበሩ፣ ከሰፈሩም አይርቁም። «አካም፣ እንዳሻው፣ ናጋ?» አሉና ሰላምታው ሳያልቅ ከኪሳቸው ሁለት ጉርድ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ባለፈው ሳምንት ለባንክ ደብተር ብሎ ያነሳቸው ነው፤ ግራ ፊታቸው በደንብ ይታያል፣ ቀኙ ጨለማ ውስጥ ገብቷል። «የባንኳ ልጅ አልቀበልም አለች። ቀሪ ግማሽዎትን ይዘው ይምጡ አለችኝ። አንተ ጋ ነው ብዬ መጣሁ» አሉ። እንዳሻው ይህ የብርሃንና የጥላ ጉዳይ መሆኑን ሊያስረዳ ጀመረ። ኦቦ ጉዮ በትዕግሥት ሰሙት። «እሺ። ጥሩ ነው» አሉ። «አሁን ሌላኛውን ስጠኝ።» እንዳሻው ፏፏቴው ፊት አስቀመጣቸው፣ አንገታቸውን አቀና፣ ሁለቱም ጆሮ እንዲታይ አድርጎ አነሳቸው። እስኪታተም ድረስ ስልኩን ከፍቶ ለቡድኑ ጻፈ፦ ፎቶው ቤተሰብ ውስጥ ችግር ፈጥሯል፣ ላጥፋው ወይ? መልሱ ወዲያው ጎረፈ። አንዱ ጥበብ መሥዋዕትነት ይጠይቃል አለ። አንዷ ባዶ ቦታው እንዳይጠፋ አደራ አለች። ያቤጽ፣ «ካጠፋኸው ከመጨረሻው ዙር ትወጣለህ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገኝ ፎቶ ነው» ብሎ ጻፈ። የሴትዮዋን ስም የጠየቀ ግን አልነበረም። እንዳሻው ጣቱን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ፣ መልሶም አነሳ። በሕይወቱ እስከ መጨረሻው ዙር የደረሰበት ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ማጥፋቱን አልቻለም።

ኦቦ ጉዮ በትከሻው ላይ ሆነው ስልኩን ያያሉ። «በዛብሽ አይደለችም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ይኼን አግዳሚ እኔና ወልደገብርኤል ነን ከጥይት ሳጥን ጣውላ የሠራነው። ሁለት ሰው በደንብ ይችላል። አንድ ሰው ብቻ ሲቀመጥበት ይወዛወዛል።» እንዳሻው መደበቁ ሰለቸውና ሁሉንም ነገራቸው፤ ዘይቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ሻንጣውን። ሽማግሌ እንዲሆኑለትም ለመናቸው፤ አማች አማቱን አስቀይሞ በራሱ አፍ ይቅርታ አይጠይቅም፣ ሰው ይልካል። ኦቦ ጉዮ አዲሱን ፎቶ ተቀብለው ሁለቱም ጉንጫቸው መኖሩን አረጋገጡና፣ «አሁን ሙሉ ሰው ነኝ፣ መሸምገል እችላለሁ» ብለው ተነሱ።

ግቢ ሲደርሱ አሥር ሰዓት አልፏል። ሻንጣው ተቆልፎ በረንዳው ላይ ቆሟል፤ ብርድ ልብሱ ከነላስቲኩ በላዩ ታስሯል። ወይዘሮ በዛብሽ አግዳሚያቸው ላይ ናቸው። ዘርፈሽ ከኩሽና በር ላይ እጇን አጣምራ ቆመች። እንዳሻው እንደ ወጉ ፈንጠር ብሎ አንገቱን ደፋ፣ ኦቦ ጉዮም በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው ተናገሩ። «በዛብሽ፣ ይኼ ልጅ አጥፍቷል። ሞኝ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ባዶ ቦታ ብሎ ብሎ እኔንም ግማሼን ጥሎኛል። ፎቶው ውሸት እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ ከላይ ያለው ዋቃም ያውቃል። ማሪው።» ዘርፈሽም ቀጠለች፣ «እኔም ነግሬያቸዋለሁ እማ፣ ውሸት ነው ብዬ።» እንዳሻው ከደፋበት ሳይቃና፣ «ርዕሱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም እማማ፤ የሳምንቱ ርዕስ ሆኖ ነው። ምንም ማለት አይደለም» አለ።

ነፋሱ ከመንገድ ቀይ አቧራ አምጥቶ ግቢው ውስጥ በተነው፣ ባጃጅ አለፈች። «እኔ እኮ ውሸት ነው አላልኩም» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። «ውሸት ነው ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሁላችሁም ውሸት ነው፣ ውሸት ነው ትላላችሁ።» ወደ እንዳሻው ዞሩ። «ያን ቀን ከምሳ ጀምሮ እዚህ ተቀምጬ ነበር። ዘርፈሽ ሥራ ናት። አንቱ በመስኮቱ ብቅ አሉ። ሲያዩኝ ቆዩ። እንዲያ ቆመው አይተውኝ አያውቁም። ዛሬስ አማቼ ወጥቶ ሊያጫውተኝ ነው ብዬ ወደ ጫፍ ጠጋ አልኩ። ቦታ ለቀቅኩልዎ። ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጡም። ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁና መስኮቱ ተዘጋ።» ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ሰው ብቸኛ መሆኔን አይቶ፣ ለእኔ ሳይነግር ለአገር ሁሉ ይነግራል? ልጄ ጋ የምሄደው ለዚህ ነው። እሱ ካሜራ የለውም።»

ኦቦ ጉዮ ያዘጋጁት ሌላ ንግግር ነበራቸው፤ ዋጡት። ዘርፈሽ ያጣመረችውን እጅ ፈታች፤ እሷም ስንት ከሰዓት በኋላ በዚህ አግዳሚ ፊት «ደከመኝ» እያለች እንዳለፈች ያሰበች ትመስላለች። እንዳሻው ግን በጣም አፈረ። ባዶ ቦታ ይናገራል ብሎ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ሰብኳል፤ ያ ባዶ ቦታ ግን በስሙ ሲጠራው አልሰማም። እውነት ለመናገር ፎቶው ጥሩ ነበር። እስከዛሬ ካነሳው ሁሉ ይበልጥ ነበር፣ ቡድኑም አልዋሸውም። ያየውን ነገር ግን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያነሳው።

ወጉን ተወው። ግቢውን አቋርጦ ሄዶ አግዳሚው ባዶ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አግዳሚው አንዴ ሲጥ ብሎ ጸጥ አለ። ወይዘሮ በዛብሽ ዞረው አላዩትም፤ እሱም መሬት መሬቱን ያያል። ምን እንደሚወራ አያውቅም፤ ከአማት ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ አያውቅምና። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከውድድሩ አጠፋው። ወሬውን እሳቸው ጀመሩ።

«ለፎቶው ምን ሰጡዎት?»

«ልብ።»

«የስንት ሰው?»

«የስድስት መቶ።»

«ምን ይደረግበታል?»

«ምንም አይደረግበትም።»

«ያሸነፈስ ምን ያገኝ ነበር?»

«የምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም በስልክ ነው የሚላከው።»

ወይዘሮ በዛብሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዘርፈሽ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር። «እኔን በዚያ ለውጠህኝ ነዋ» አሉት፣ አንቱታውን ረስተው። እንዳሻውም ሳቀ፣ ከዚያ ዶሮዎቹ በጭነት መኪናው ላይ ምን እንደሆኑ ጠየቀ፤ ጠዋት በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መጨረሻውን ሳይሰማ ቀርቷል። ታሪኩ ረጅም ነበር። ሁለቱ ዶሮዎች ሐዋሳ ላይ ወርደው ቀርተዋል። ኦቦ ጉዮ በዚህ መሃል ስልኩን ከእንዳሻው እጅ ወስደው፣ የቱን ልንካ ብለው ዘርፈሽን ጠየቁና አንድ ፎቶ አነሱ። የእንዳሻው ግንባር ተቆርጧል፣ አግዳሚው ተዘቅዝቋል፣ የኦቦ ጉዮ ጣት በስተቀኝ እንደ ተራራ ቆሟል።

እሑድ ጠዋት የቡሌ ሆራው መኪና ወይዘሮ በዛብሽን ሳይዝ ሄደ። ሰኞ እሄዳለሁ አሉ፤ ሰኞ ደግሞ ገበያ ነው አሉ። ሻንጣው ግን ሳይፈታ አልጋቸው አጠገብ ቆየ፤ ማስፈራሪያ በእጅ መኖሩ ክፋት የለውም። ከሥራ በኋላ እንዳሻው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቀን ዘርፈሽ ቀድማ ትይዝበታለች። በሳምንቱ ርዕሱ «ቤተሰብ» ሆኖ ሲመጣ የኦቦ ጉዮን ፎቶ እንዳለ፣ ከነጣቱ ላከው። ልብ የሰጡት ከአሥር ብዙም አይበልጡም። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሦስቱም አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ሳለ የያቤጽ አስተያየት ገባ፤ ዘርፈሽ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ትምህርታችን የት ደረሰ? ባዶ ቦታው ጠፍቷል። ፎቶው ተጨናንቋል።»

«ምን ማለቱ ነው?» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ።

«ቦታ የለም ማለቱ ነው እማማ» አለ እንዳሻው።

ወይዘሮ በዛብሽ አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። «እንዲህ በሉት» አሉ። «እሱም ከመጣ ጠጋ እንልለታለን።»